ታብሌት ብቻ ላለው አንባቢ

እሱ፦ ዛሬ ብዙ አንባቢ ያለው ታብሌት ወይም ስልክ ብቻ ነው። መጽሐፉም በቴሌግራም፣ በፒዲኤፍ ይደርሰዋል።

እሷ፦ ፒዲኤፍ ደግሞ ገጹን እንዳለ ነው የሚይዘው። ፊደሉን ስታሰፋው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ኢፐብ የሚባለው የኢ-መጽሐፍ ፎርማት ግን ጽሑፉን በስክሪኑ ልክ ይደረድርልሃል።

እሱ፦ ታዲያ ለምን አንቀይረውም?

እሷ፦ ታዋቂውና ነጻው መቀየሪያ ካሊበር የተሠራው ለኮምፒውተር ነው። ታብሌት ላይ በብዛት የሚገኙት የመቀየሪያ ድረ ገጾች ናቸው። ላልታተመ ጽሑፍ ግን እነሱን አልመክርም፤ ፋይልህ ሰው ሰርቨር ላይ ያርፋል።

እሱ፦ የአማርኛውስ?

እሷ፦ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ! ከሚዘዋወረው ብዙው ስካን ነው፤ ፎቶ ማለት ነው። ኢፐብ ብታደርገውም ያው ፎቶ ነው። መጀመሪያ ፊደል የሚለይ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቴሰራክት አማርኛ ያነባል፤ ቃል በቃል ማረም ግን አይቀርም።

እሱ፦ በድሮ ፎንት የተተየቡትም አሉ።

እሷ፦ አዎ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ ፎንት የተጻፈው ሲቀየር ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። አሳታሚዎቻችን በዩኒኮድ የተዘጋጀ ኢፐብ ራሳቸው ቢሸጡልን ኖሮ አንባቢው ይህን ሁሉ ባልተሸከመ ነበር።

እሱ፦ እስከዚያው ምን ያድርግ?

እሷ፦ ኮምፒውተር ያለው ዘመድ ካለ ካሊበርን እዚያ ይጫን፤ መቀየሩም እዚያው ይለቅ። የካሊበርን ሰርቨር ከከፈተው፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ታብሌት መጻሕፍቱን በብራውዘር ያወርዳል።