የሚመላለሰው ምስልና ቀላሉ ጨዋታ



ስደተኛ ድንበር ሲሻገር ያየው መከራ አብሮት ይሻገራል። የሰጠመች ጀልባ፣ የወደቀ ጓደኛ፣ የሚነድ ቤት ሳይጠራ በዓይነ ኅሊናው እየመጣ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ትምህርቱንና ሥራውን ያስተጓጉልበታል። ሕክምናው የሠለጠነ ባለሙያና አስተርጓሚ ስለሚጠይቅ ብዙዎች ሳያገኙት ይቀራሉ።

አሌክሴይ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ የፈጠሩት ቴትሪስ የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ በዚህ ረገድ ያልታሰበ አገልግሎት ተገኝቶለታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚሊ ሆምዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ አሰቃቂ ፊልም ካዩ በኋላ ቴትሪስ የተጫወቱ ሰዎች ካልተጫወቱት ይልቅ ምስሉ የተመላለሰባቸው ጥቂት ጊዜ መሆኑን አመለከቱ። የተሰጠው ማብራሪያ፣ የሚወርዱትን ቅርጾች በሐሳብ እያዞሩ ማገጣጠም ምስሉን የሚይዘውን የአእምሮ ዐቅም ይሻማል የሚል ነው።

ዘዴው በኋላ በስዊድን በጥቂት ስደተኞች ተሞክሯል። አፈጻጸሙ ቅደም ተከተል አለው። ታማሚው መጀመሪያ ከሚያስጨንቁት ምስሎች አንዱን ለአፍታ ያስታውሳል፤ ከዚያም ቅርጾቹን አስቀድሞ በሐሳቡ እያዞረ 20 ደቂቃ ያህል ይጫወታል። ምስሉን ሳያስታውሱ መጫወት ግን መዝናኛ እንጂ ይህ ሕክምና አይደለም።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም ታማሚው የደረሰበትን ሁሉ ለማያውቀው ሰው እንዲዘረዝር አለመገደዱ ነው። ይሁን እንጂ ጨዋታው የሆነውን አያስረሳም፤ ሐዘንንም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ጭንቀትን አያስወግድም። በስደተኞች ላይ የተደረገው ሙከራም ገና ሰፊ ጥናት ያሻዋል። የምስሉ መመላለስ ሲቀንስ ግን ሌሊቱ ለእንቅልፍ፣ ቀኑም ለሥራ ይመለሳል፤ ይህም ባለሙያ የሚንቀው ትርፍ አይደለም።