አፍንጫ የማያውቀውን ጋዝ በብርሃን መለየት
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሌዘር እንናገራለን ስንል ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ነገሩ ግን ከቡና ምድጃችን የራቀ አይደለም።

በካርቱም ኑሯችን ከሰል ተለይቶን አያውቅም። ብዙ እህቶቻችን በየመንገዱ ዳር ቡናና ሻይ እያፈሉ ልጅ አሳድገዋል። ደጅ ሲሆን ጋዙን ነፋሱ ይወስደዋል። ሀቡብ ሲነሳ ወይም የጥር ሌሊት ሲበርድ ግን መስኮት ይዘጋል፣ ምድጃውም ቤት ይገባል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ መብራትና የማብሰያ ጋዝ ሲቋረጥ፣ በብዙ ቤት ከሰል ብቸኛው ማብሰያ ሆኖ ነበር።

«ፍሙ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» ሲባል እንሰማለን። እውነት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቀላው ፍምም ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ8 ሰዓት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 10 ሚሊግራም ነው፤ ከሚሊዮን ሞለኪውል 9 ያህል ማለት ነው።

ይህን ጥቂት ነገር በምን እናገኘዋለን? እያንዳንዱ ሞለኪውል የሚውጠው የራሱ ብርሃን አለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አጥብቆ የሚውጠው በ4.6 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ነው። ብርሃኑን በአየሩ ውስጥ አሳልፎ ምን ያህል እንደጎደለ መለካት ይቻላል። ችግሩ በዚያ ቀለም የሚያበራ አመቺ ሌዘር ማግኘት ነበር።

አንዱ መላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የ694 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ወደ ኳርትዝ ላኩ፤ ከቀዩ ጋር የ347 ናኖሜትር አዲስ ብርሃንም ወጣ። በፎቶው ላይ የታየችው ነጥብ እጅግ ደብዛዛ ስለነበረች፣ መጽሔቱ ሲታተም እንደ ጉድፍ ተቆጥራ ጠፋች ይባላል! ሁለት የባትሪ መብራቶች ቢያቋርጡ ዝም ብለው ይተላለፋሉ። ሁለት ብርቱ ሌዘሮች ተስማሚ ክሪስታል ውስጥ ሲገናኙ ግን የንዝረታቸው ልዩነት ሦስተኛ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ባለሙያዎች ኖንሊኒየር ኦፕቲክስ ይሉታል። የ1.06 እና የ1.38 ማይክሮሜትር ሌዘሮች ቢቀላቀሉ የምንፈልገው 4.6 ገደማ ይገኛል። በዚህ ብርሃን ከቢሊዮን ሞለኪውል ጥቂቶቹን መለየት ተችሏል።

ሙያው ለወገኖቻችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግዛው መንግሥቱ ጽዱ የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረ መሣሪያ የከባቢ አየር ጋዞችን ለክቷል። በሌዘር ፋንታ የተጠቀመው የፀሐይን ብርሃን ነው፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ደግሞ ፕሮፌሰር ሰሎሞን በልልኝ የአፍሪካ ማገዶ ሲነድ የሚወጣውን ብናኝ በሌዘር አጥንተዋል። የእናቶቻችን ጭስ ቤተ ሙከራ ገባ ማለት ነው፤ እኛ ዘግይቷል እንላለን።

ለቤት የሚሸጠው አነስተኛ የማንቂያ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሌዘር የለውም፤ በኬሚካል ሴል ይሠራል፣ ለቤት ግን ይበቃል። ስትገዙ ለጭስ ብቻ የተሠራውን እንዳትወስዱ፤ «ካርቦን ሞኖክሳይድ» የሚል ይኑርበት። በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ራሱን ካመመው፣ ክኒን ከመፈለግ በፊት ሁሉም ወደ ደጅ ይውጣ። ምድጃውም ከመኝታ በፊት አብሮ ይውጣ።

የዛሬው ጀበና በረንዳ ላይ ተጥዷል። ጥያቄያችሁን ከአቦሉ ጋር እንቀበላለን።