ትንሿ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባና ከኋላዋ የሚገባው ውኃ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ መዝናኛ ጀልባ መናገር በመጀመሪያ ሲሰማ እንደ ቀልድ ሊቈጠር ይችላል። ግድቡና ድልድዩ እያለ፣ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው መንጠቆ ስለሚጥሉባት 6 ሜትር ስለማትሞላ ጀልባ ጊዜ ማጥፋት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም በዚህች ትንሽ ዕቃ ላይ ያለው የምሕንድስና ጥያቄ ከግድቡ ጥያቄ በአንድ ነገር ይከብዳል። ድልድይ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ በላዩ የሚያልፈው መንገደኛ የድልድዩን ስሌት አይለውጠውም። የጀልባ ባለቤት ግን የበረዶውን ሣጥን ከፊት ወደ ኋላ ባዛወረ፣ አንድ እንግዳ በጨመረ፣ ገመዱን ከአንዱ ማሰሪያ ወደ ሌላው ባሻገረ ቁጥር ስሌቱን እንደገና ይሠራዋል፤ መሥራቱን ግን አያውቅም።

ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል የአሜሪካንን አኃዝ መጥቀስ ይበቃል። በዚያ አገር ተመዝግበው የሚገኙት የመዝናኛ ጀልባዎች ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ውስጥ በፍሎሪዳ ብቻ ያሉት ከ1 ሚሊዮን አያንሱም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ባወጣው መግለጫ መሠረት በ2022 እ.ኤ.አ. በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 636 ሰዎች ሞተዋል። የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው መካከል ከመቶ 75ቱ የሞቱት ሰጥመው ነው፤ ከሰጠሙትም ከመቶ 85ቱ የመንሳፈፊያ ጃኬት አልለበሱም ነበር። አብዛኛው ሞት የሚደርሰውም ርዝመታቸው ከ21 ጫማ በታች በሆኑት፣ ማለትም ከ6 ሜትር ተኩል በማይበልጡት ጀልባዎች ላይ ነው።

እነዚህን ጀልባዎች በተራው ሰው እጅ ያስገቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ ተቈልፎ የሚንጠለጠለው ሞተር ነው። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው፣ በኖርዌይ ተወልዶ በዊስኮንሲን ያደገ መካኒክ በ1909 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ሞተር ጉልበቱ አንድ ፈረስ ተኩል ብቻ ነበር። ለእጮኛው አይስክሬም ለማምጣት በሐይቅ ላይ ሲቀዝፍ አይስክሬሙ ስለቀለጠበት ተናዶ ፈለሰፈው ይባላል። ታሪኩ ለሻጮች የሚመች ዐይነት ነውና ሙሉ በሙሉ ባያምኑትም አያስቀይምም። ሁለተኛው ነገር ፋይበርግላስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመስታወት ጭረትን በሙጫ እያጠጡ በቅርጽ ላይ መደረብ ሲለመድ፣ አናጢ በብዙ ሳምንት የሚሠራውን ጀልባ ፋብሪካ እንደ ገንዳ እያተመ ያወጣው ጀመር። ዋጋውም ወረደ።

ይሁንና ፋይበርግላስ ከእንጨት የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ከውኃ ይከብዳልና ይሰጥማል። የእንጨት ጀልባ ውኃ ቢሞላበትም ብዙውን ጊዜ ከውኃው ገጽ አይርቅም፤ ከኋላው ከባድ ሞተር የታሰረበት የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ውኃ ከሞላው ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ መድኃኒት ያገኘለት ዲክ ፊሸር የተባለው አሜሪካዊ ነው። በሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች መካከል ጠጣር አረፋ ሞልቶ ባለ 13 ጫማ ጀልባውን በ1958 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። በ1961 እ.ኤ.አ. ላይፍ በተባለው መጽሔት በወጣው ፎቶግራፍ ፊሸር በጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ጀልባው በመጋዝ ለሁለት ሲቈረጥ ይታያል፤ ከዚያም ሞተር ባለበት ግማሽ ላይ ሆኖ ሲሄድ ታየ።

የጣናን ታንኳ የሚያውቅ ሰው በዚህ ብዙ አይደነቅም። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውኃ እንዳይገባበት ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ውኃው በእስሮቹ መካከል እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል። የሚያንሳፍፈው በውስጡ የተከለለ ባዶ ቦታ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ቀላል መሆኑ ነው። የፊሸር አረፋ ይህንኑ ሐሳብ በኬሚካል መድገሙ ነው። ተመሳሳይነታቸው በጕዳታቸውም ይታያል። የጣና ባለታንኳ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ያውቃልና ሥራውን ሲጨርስ ከውኃ አውጥቶ ያደርቀዋል። የፋይበርግላስ ጀልባ ባለቤት ግን በወለሉ ሥር የተዘጋውን አረፋ አያየውም። ባልተደፈነ የብሎን ቀዳዳ ለዓመታት ሲገባ የቈየ ውኃ አረፋውን አርሶ ጀልባዋን በመቶ በሚቈጠር ኪሎግራም ሊያከብዳት ይችላል፤ ባለቤቱም የሚያጉረመርመው ሞተሩ ደከመ እያለ ነው። አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው ከቀለሟ ይልቅ ሚዛን ላይ አውጥቶ ክብደቷን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ውኃው ክብደት እንመለስ። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ 1,025 ኪሎግራም ያህል ይመዝናል። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር በሆነ የጀልባ ወለል ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢተኛ፣ የሰውን ቁርጭምጭሚት ጥቂት አለፍ ያለ ብቻ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ከ1,200 ኪሎግራም ይበልጣል። የዐሥራ አምስት ጐልማሶች ጭነት መሆኑ ነው። ከክብደቱም የሚብሰው እንቅስቃሴው ነው። ዐሥራ አምስት ሰዎች ጀልባዋ ስታዘነብል ተደናግጠው ወደ ከፍተኛው ጎን ሊሮጡ ይችላሉ፤ ውኃ ግን ዘወትር ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጣል። ይህ ልቅ የውኃ ገጽ የሚያመጣው የሚዛን ጕድለት ከስፋቱ ኩብ ጋር የሚያድግ ስለሆነ፣ በመካከሉ አንድ ግድግዳ ቢቆም ጕድለቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በትልልቅ መርከቦች ይህ ይደረጋል። ዓሣ አጥማጁ ግን በጀልባው ውስጥ እንደልቡ መዘዋወር ይፈልጋልና ወለሉ ክፍት ሆኖ ይሠራለታል።

ውኃው በምን ይገባል? ሁልጊዜ በማዕበል አይደለም። በኋላ ግድግዳው ግርጌ ውኃ ማፍሰሻ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በየብስ ላይ ውታፏ ይነቀላል፣ ከባሕር ሳይገቡ ይወተፋል። የሚረሳ አይጠፋም። ቀዳዳዋ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ቢኖራትና ከውኃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብትል፣ በታወቀው የፍሰት ቀመር መሠረት በደቂቃ 43 ሊትር ያህል ታስገባለች። በ10 ደቂቃ 430 ሊትር መሆኑ ነው። በሰዓት 1,000 ጋሎን ይቀዳል ተብሎ የተጻፈበት ፓምፕ በደቂቃ 63 ሊትር ያህል ስለሚያወጣ በወረቀት ላይ ያሸንፋል። ነገር ግን ቁጥሩ የተለካው ፓምፑ ውኃውን ወደ ላይ ሳያነሣ፣ በሙሉ ባትሪ ሲሠራ ነው። በጀልባዋ ውስጥ ቱቦው ታጥፎ፣ ባትሪው አርጅቶ፣ የዓሣ ቅርፊት ማጣሪያውን ደፍኖት የሚወጣው ከዚያ ብዙ ያንሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ በይፋ የተመረመረ አደጋ ብዙ ያስተምራል። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ በ28 ፌብሩዋሪ 2009 እ.ኤ.አ. አራት ወጣቶች በ21 ጫማ ጀልባ ከፍሎሪዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ተነሥተው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ለማጥመድ ወጡ። ሁለቱ፣ ማርኲስ ኩፐርና ኮሪ ስሚዝ፣ በአሜሪካ የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊግ የታወቁ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሌሎቹም ሁለቱ በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተጫወቱ ጠንካራ ጐልማሶች ናቸው። ጀልባዋ የኩፐር ነበረች። በዚያ ወገን የባሕሩ ወለል እጅግ በዝግታ ስለሚወርድ፣ ጥልቅ ውኃ የሚሻ አጥማጅ ከጠረፉ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቆ መሄድ አለበት። የሚፈለገው ዓሣ ደግሞ በለጣጣው አሸዋ ላይ አይውልም፤ የሚሰበሰበው በቋጥኝና በሰጠመ መርከብ ስብርባሪ ዙሪያ ነው። ስለዚህም መልሕቅ የሚጣለው መልሕቅ በሚሰነቀርበት ቦታ ላይ ነው። ይህ የስፖርት ዓሣ አጥማጅነት የተፈጥሮ ዕዳ ነው።

ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲለወጥ ለመመለስ ተዘጋጁ። መልሕቁ ግን ተሰንቅሮ አልነቀል አለ። የፍሎሪዳ የዓሣና የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሚሽን መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ የመልሕቁን ገመድ በጀልባዋ የኋላ ግድግዳ በግራ በኩል አስረው መልሕቁን በሞተሩ ኃይል ወደ ፊት ሊነቅሉት ሞከሩ። የጀልባዋ ኋላ ወደ ታች ተስቦ ውኃ ገባ፤ ጀልባዋም ተገለበጠች።

የሆነውን በቁጥር ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የዚያች ጀልባ ልኮች አይደሉም። ውኃው 40 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው መልካሙ ልማድ የገመዱን ርዝመት የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ያዛል፤ ቢያንስ 200 ሜትር መሆኑ ነው። ትንሽ ጀልባ ይህን ያህል ገመድ አትይዝም። ገመዱ 60 ሜትር ከሆነ ወደ ታች የሚያዘነብልበት ማዕዘን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሞተሩ በ400 ኪሎግራም ኃይል ወደ ፊት ቢገፋ፣ ገመዱ የኋላውን ግድግዳ በ360 ኪሎግራም ያህል ወደ ታች ይስበዋል። ገመዱ የታሰረው በአንድ ጎን ስለሆነ ጀልባዋ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደዚያው ጎን ትጋደማለች፤ ለዚህ መጠን ጀልባ በሻካራ ስሌት ያ የኋላ ጥግ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ለሞተሩ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተሠራው የጀልባዋ ግድግዳም ይኸው የኋላው ነው። ሹፌሩ ጀልባዋ አልንቀሳቀስ ስትለው ነዳጅ በጨመረ መጠን ወደ ታች የሚስበውን ኃይል ያበረታል። አንድ ማዕበል ከኋላ በመጣ ጊዜ የቀረው ሥራ የዚያ ልቅ የውኃ ገጽ ነው።

መልሕቁ ከፊተኛው ጫፍ ታስሮ ቢሆን ያው ኃይል የሚስበው ከፍ ብሎና ሾሎ ማዕበልን እንዲቀበል የተሠራውን ክፍል ነበር።

ጀልባዋ አልሰጠመችም። በሕጉ የመንሳፈፍ ግዴታ የተጣለው ከ20 ጫማ በታች በሆኑት ጀልባዎች ላይ ቢሆንም፣ ይህችኛዋ አረፋ ነበራትና ተገልብጣ ተንሳፈፈች፤ አራቱም ወጣቶች በጀርባዋ ላይ ተንጠለጠሉ። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ ግን ከተገለበጠችው ጀልባ ሥር ነበሩና ጠልቆ ማውጣት ግድ ሆነ። ሌሊቱን ማዕበሉ በረታ፤ ቅዝቃዜው አንድ በአንድ አደከማቸው። በ2 ማርች የጠረፍ ጥበቃው መርከብ ሲደርስ በጀልባዋ ጀርባ ላይ የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሦስቱ ሬሳ አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር መናገር ይገባል። የጀልባዋ ሠሪ የበኩሉን ፈጽሟል፤ ጀልባዋ በጫናት ውኃ ሁሉ ላይ ተንሳፍፋ ኖራለች። የጎደለው የአራቱን ሰዎች ቦታ ለአዳኝ የሚናገር መሣሪያ ነበር። ኮስፓስ ሳርሳት የተባለው፣ የጭንቅ ምልክትን በሳተላይት የሚቀበለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የመጀመሪያውን ሳተላይት ያመጠቀው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው ዓመትም በእርሱ ርዳታ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከሞት ድነዋል። በ406 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፈው የጭንቅ ምልክት ሳጥን በእጅ የሚያዝ ያህል ትንሽ ሆኗል። ዋጋውም ከአንድ መልካም ማጥመጃ ዘንግና መዘውር ብዙም አይርቅም። ሆኖም ሰው ዘንጉን በየዓመቱ ይለውጣል፤ ሳጥኑን ግን ለነገ ያሳድራል።

ሕግ ቀስ እያለ ይከተላል። በአሜሪካ ከ1 ኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ የሚነዳ ሰው፣ ከመሪው ወድቆ ሲርቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ማሰሪያ በገላው ላይ እንዲያደርግ ታዝዟል። ስለተሰነቀረ መልሕቅ ግን ሕግ ሊጻፍ አይቻልም፤ ይህ የሚተላለፈው ከአጥማጅ ወደ አጥማጅ ነው። ያወቁት እንዲህ ያደርጋሉ። ገመዱን ከፊተኛው ጫፍ ሳይፈቱ በዝግታ እየቀዘፉ ወይም እየነዱ ከመልሕቁ በላይ ይሆናሉ፤ ከዚያም ከገባበት አቅጣጫ በተቃራኒው ቀስ ብለው ይስቡታል። ሁለት ጊዜ ሞክረው እንቢ ካላቸው የገመዱን ጫፍ በተንሳፋፊ ኳስ ላይ አስረው ለባሕሩ ይለቁታል። አየሩ ሲሰክን በሌላ ቀን ተመልሰው ያነሡታል፤ ኳስ ከሌላቸው ደግሞ ገመዱን በቢላዋ ይቈርጡታል። ቢላዋውም በፊተኛው ጫፍ፣ ከገመዱ ማሰሪያ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተሰክቶ ይኖራል።