የመደገፊያ ጉልበቱ ከእግሩ ነው



ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። ዛሬ በዚያው ሰፈርም ሆነ በመላው ቂርቆስ ፎቆች በዝተዋል። ስለዚህ በበረንዳና በደረጃ ጠርዝ የሚቆመው የብረት መደገፊያ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ዋስትና ነው።

እኔ አንድን ፎቅ ስመለከት ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው በቋሚው እግር ላይ ነው። ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። 1 ሜትር ቁመት ያለውን ቋሚ አናቱ ላይ በ100 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ብንገፋው፣ ቡሎኑም ቋሚው ከሚዞርበት ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ቡሎኑን ለመንቀል የሚስበው ኃይል 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 2,000 ያድጋል። የቋሚውን ብረት ማወፈር ይህን ቁጥር አይቀንሰውም።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሥራው ቅደም ተከተል ነው። ልስኑና ንጣፉ ካለቀ በኋላ ብረት ሠራተኛው ይጠራል፤ እርሱም ቡሎኑን ጠርዝ ላይ ይተክላል። ልስን ግን ሸክም አይችልም። ክረምት ሲገባ ውኃ ከእግሩ ሥር ያቁራል፤ ቀለሙ እንዳማረ ብየዳው ይዝጋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቋሚው የሚበየድበት ላሜራ ኮንክሪቱ ሳይሞላ ከፌሮው ጋር ይታሰር፤ ከጠርዙ ይራቅ፤ ወለሉም ውኃ የሚያፈስ ተዳፋት ይኑረው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ መደገፊያውን በፕላናችሁ ላይ በመጨረሻ የሚጨመር መስመር አታድርጉት። የሚደገፈው ሰው ሒሳባችሁን አያይም፤ አምኖ ይደገፋል።