በታንኳ ሄዶ ውጭ ለማደር የሚደረግ ዝግጅት



ዛሬ የምንነጋገረው በታንኳ ሄዶ ውጭ ስለማደር ነው። ጧት ወጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው ብዙ ነገር አይዝም። አንዲት ሌሊት ውጭ የሚያድር ሰው ግን ቤቱን ታንኳው ላይ ጭኖ ነው የሚሄደው። እሳቱን፣ ምግቡን፣ መኝታውን፣ ደረቅ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። አንዱን ከረሳ ውሃ መካከል ጎረቤት የለምና አይበደርም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ደገኛ ነኝ። ያደግሁት ከምንጭና ከወንዝ በስተቀር ሌላ ውሃ በማይታይበት አገር ነው። ስለዚህ ታንኳ መሥራትንም ሆነ መቅዘፍን ላስተምራችሁ አልቆምኩም። ደንገል መቼ እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚታሰር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ የማውቀው ፊደል ነው። ፊደልን ደግሞ አሁን እናንተም ይዛችኋል። የሐይቁ ዕውቀትና ፊደል ቢጋቡ ለመንገደኛው ምን ይጠቅሙታል? ጥያቄዬ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሐይቁ ጥቂት እንበል። ጣና ሰፊ ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው። «ጥልቅ ካልሆነ ምን ያስፈራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰው በ2 ሜትር ውሃም ይሰጥማል። ደግሞም ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ይናወጣል። ማዕበሉም አጭርና የተቀራረበ ስለሆነ ትንሽ ታንኳን ፋታ አይሰጣትም።

ነፋሱ ከየት ይመጣል? ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ቶሎ ይሞቃል፤ ውሃው ግን የሚሞቀው ቀስ ብሎ ነው። በየብሱ ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ በእርሱም ቦታ ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ አየር ይገባል። ጧት መስተዋት የሚመስለው ውሃ ከቀትር በኋላ የሚነሣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ መንገደኛ ጎሕ ሲቀድ ይነሣ፤ 5 ሰዓት ሳይሞላ ዳር ይያዝ። በክረምት ደግሞ ነጎድጓድ ሲሰማ ውሃ ላይ መቆየት አያስፈልግም። ገላጣ ሐይቅ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰውየው ስለሆነ መብረቅ ሊመታው ይችላል።

እንግዲህ ዝግጅቱን በአምስት ከፍለን እንየው።

አንደኛው ታንኳው ነው። የደንገል ግንድ ውስጡ ስስና ልል ስለሆነ አየር ይይዛል፤ የሚንሳፈፈውም በዚህ ነው። ውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ለአንድ ቀን የሚበቃ ታንኳ ለሁለት ቀን ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ለአዳር የምንወስደው ታንኳ አስቀድሞ ፀሐይ የጠገበ መሆን አለበት። ማሰሪያውን አንድ በአንድ በእጃችን እየጎተትን እንፈትሽ። የላላ ቢገኝ ዛሬ እንሰር፤ ነገ ውሃ ላይ አይታሰርም። መቅዘፊያም አንድ ብቻ አይበቃም፤ ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ዳር ዳሩን ስንሄድ ቆመን በዘንግ እንገፋለን። ነፋስ ሲነሣ ግን መቀመጥ ወይም መንበርከክ ይገባል። ዝቅ ያለ ሰው ታንኳውን ያረጋጋል፤ የቆመ ሰው ያናውጠዋል። የሕይወት አድን ጃኬት ያለው ይልበስ። የሌለው ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ታንኳው ላይ ይሰር። ባዶ ጀሪካን ሰው ሲይዘው ያንሳፍፈዋል። ብንገለበጥም ታንኳውን መልቀቅ የለብንም። ዳሩ ቅርብ መስሎ ይታያል እንጂ ሲዋኙት ሩቅ ነው። የተገለበጠ ታንኳ እንኳን ይንሳፈፋል፤ ለፈላጊም ከሰው ራስ ይልቅ ቶሎ ይታያል።

ሁለተኛው ጭነቱ ነው። ከባዱ ዕቃ መካከል ላይና ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ጋቢውንና ቅያሪ ልብሱን በላስቲክ ጠቅልለን፣ አፉን ጥብቅ አድርገን አስረን፣ ከዚያ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እንክተተው። ክብሪት ክዳን ባላት ትንሽ ጠርሙስ ይግባ። ሁሉም ዕቃ በገመድ ይታሰር። ይህን ስናበቃ ዳር ላይ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ታንኳውን እንሞክረው። ወደ አንድ ወገን ካዘመመ እዚያው እናስተካክል። ከከበደውም እንቀንስ።

ሦስተኛው ስንቅና ውሃ ነው። እሳት ባይያዝም የሚበላ ምግብ ይሻላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀላል ናቸው፤ ቶሎም አይበላሹም። ለሁለት ቀን ከሆነ የሦስት ቀን እንያዝ። ነፋስ ቢያግደን የሦስተኛው ቀን ስንቅ ትዕግሥት ይሰጠናል። የራበው ሰው ማዕበል እያየ ይነሣል፤ የጠገበ ግን ማዕበሉ እስኪያልፍ ይጠብቃል። የሚጠጣ ውሃ ለአንድ ሰው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሞልተን እንውሰድ። ካለቀ የሐይቁን ውሃ 3 ደቂቃ ያህል ካንተከተክነው በኋላ አቀዝቅዘን እንጠጣ።

አራተኛው ማደሪያው ነው። ጀምበር የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እኛ ግን 10 ሰዓት ላይ ማደሪያችንን መርጠን መጨረስ አለብን፤ በጨለማ የተመረጠ ቦታ ሲነጋ ያስደነግጣል። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሳይነጋ ይመለሳል። መንገዱ ያስታውቃል፤ ሣሩ ተረግጦ ጭቃው ተቦክቶ ይታያል። በዚያ አጠገብ አንተኛ። በጉማሬና በውሃው መካከልም አንግባ። ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ይመረጥ። የሐይቁ ልክ በመስከረም አካባቢ ከፍ፣ በሰኔ አካባቢ ዝቅ ስለሚል አምና ደረቅ የነበረ ማደሪያ ዘንድሮ ውሃ ሊሆን ይችላል።

እምቦጭንም አንርሳ። ይህ አረም ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። በሰሜንና በምሥራቅ ዳር በፎገራና በደንቢያ በኩል ብዙ ጉዳት አድርሷል። በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ ወዲያና ወዲህ ይነዳዋል። ማታ ክፍት የነበረ መውጫ ጧት በእምቦጭ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ታንኳችንን ስናቆም ሌላ መውጫ መኖሩን እንይ።

ታንኳውን ከውሃ አውጥተን እናቁመው፤ ሌሊቱን ውሃው ይንጠፍጠፍለት። እሳቱን ከታንኳውና ከደረቅ ደንገል አርቀን እናንድድ። የራሰ ልብስ ለብሰን አንተኛ፤ የሐይቁ ዳር ሌሊት ይቀዘቅዛል። ወባ ስላለ አጎበር ያስፈልጋል። ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ደግሞ ያለ ጉዳይ ቆመን አንቆይ። የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ በኩል የሚገባው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው።

አሁን ወደ አምስተኛው ልምጣ። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሄደ ሰው አንድ ነገር ሊቀረው ይችላል። እንበልና አንድ ሰው ማክሰኞ ጧት ወጣ። ለሚስቱ «ነገ እመለሳለሁ» ብሏታል። ረቡዕ መሸ፤ አልመጣም። ሐሙስ ጧት መንደሩ ተሰበሰበ። «ወዴት ነው የሄደው?» ሲባል አንዱ «ወደ ደቅ ያለ መሰለኝ» ይላል። ሌላው «የለም፤ ወደ ቁንዝላ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ባሕር ዳር ገበያ ነው እንጂ» ይላል። ታዲያ ፈላጊው በዚያ ሁሉ ውሃ ላይ ከየት ይጀምር? ሰውየው ምናልባት ከተገለበጠ ታንኳው ጋር ተንጠልጥሏል። ምናልባት እግሩ ተጎድቶ ደንገል ውስጥ ተኝቶ ድምፅ ይጠብቃል። ፍለጋው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሄድ አንድ ቀን ያልፋል። በዚያ አንድ ቀን ሰው ይሞታል።

ይህንን አንድ ቀን የምታተርፍልን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። እንዲህ ተብላ ትጻፋለች፦

«እኔና ወንድሜ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዘጌ ተነሥተናል። ዳር ዳሩን ወደ ቁንዝላ እንሄዳለን። ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ሳንደርስ ደረቅ ቦታ ፈልገን እናድራለን። ታንኳችን አንድ ነው። የሦስት ቀን ስንቅ ይዘናል። ሐሙስ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ካልተመለስን ፈልጉን።»

ስንት መስመር ሆነች? ጥቂት ናት። ነገር ግን ስንት ሰው፣ በየት በኩል፣ የት ማደሪያ፣ መቼ መመለሻ የሚሉት ሁሉ አሉባት። ፈላጊ ከዚህ የበለጠ ምሪት አይፈልግም። «ሞባይል አለኝ፤ እደውላለሁ» የሚል ይኖራል። ሞባይልም ጥሩ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወሰድ። ግን ባትሪው ያልቃል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ውሃ ይገባዋል። ቤት የቀረች ወረቀት አትርስም።

የመመለሻውን ሰዓት ስንጽፍ ሒሳብ እንሥራ። ለመሄድ 4 ሰዓት የፈጀ መንገድ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታን 6 ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንጻፍ። የጻፍነውንም መንገድ ያለ ችግር አንለውጥ፤ ፈላጊው የሚያምነው ወረቀቷን ነውና። ስንመለስ ደግሞ መጀመሪያ ወረቀቷን ለያዘው ሰው «መጥተናል» እንበለው። ይህን ካልነገርነው እኛ ቤታችን ተኝተን ሳለ ሌሎች በእኛ ምክንያት ማዕበል ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቷን የሚጽፈው ሄያጁ ነው፤ የምትጠቅመው ግን ቤት የቀረው ሰው ሲያነባት ነው። ባል ጽፎ ሄዶ ሚስት ማንበብ ካልቻለች ወረቀቷ ዲዳ ናት። ስለዚህ እናቶችና እህቶች፣ «እኔ ውሃ ላይ አልወጣ፤ ፊደል ምን ያደርግልኛል?» አትበሉ። መንደሩን ጠርታችሁ፣ አቅጣጫውን አንብባችሁ ፈላጊ የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ባልም ከመሄዱ በፊት «እስቲ አንብቢልኝ» ብሎ ይስማ። ያልገባ ነገር ካለ በዚያች ሰዓት ይታረማል።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። የታንኳ ጉዞም የሚመጠነው ገና የብስ ላይ ሳለን ነው። ማሰሪያው ከላላ፣ ሰማዩ ከጠቆረ፣ ስንቁ ከጎደለ ጉዞውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ሐይቁ ነገም እዚያው አለ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ልምምድ አድርጉ። የምታውቁትን መንገድ አስቡና ወረቀቷን ጻፉ። ከዚያ ቤታችሁ ላለ ሰው ሰጥታችሁ አስነብቡት። «የት ነው የማድረው? መቼ ነው የምመለሰው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳይሳሳት ከመለሰላችሁ ለመንገድ ተዘጋጅታችኋል ማለት ነው።