የደከመውን የናፍጣ ሞቶር ስለ ማደስና ጕልበት ስለ መጨመር



በመሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ከንብረት መዝገብ ግን ያልተሠረዘ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ አይታጣም። ሞቶሩ ደክሟል ተብሎ የቆመ ነው። አንድ ቀን ስለ እርሱ የጥገና ጥያቄ ተጽፎ ለፊርማ ይቀርባል፤ ይኸውም ሞቶሩ እንዳለ ይታደስ፣ አለዚያም ቱርቦ ይጨመርለት፣ አለዚያም ወርዶ በሌላ ይለወጥ የሚል ነው። ፈራሚው መካኒክ አይደለም፤ ገንዘቡ ግን የመንግሥት ስለሆነ በምን ላይ እንደሚፈርም ሊያውቅ ይገባዋል። ስለዚህ ነገሩን ለመግለጽ እንዲመቸን አንድ በብዙ አገር የታወቀ ሞቶር ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን። እርሱም መርሰዲስ ቤንዝ ኦ ኤም 352 ብሎ የሰየመው ነው።

ይህ ሞቶር የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓመት ሲሆን፣ ከጀርመን ሌላ በብራዚል፣ በአርጀንቲናና በኢራንም ተሠርቷል። ከእርሱ የቀደመው 322 በመጠን እኩያው ነበር፤ ሁለቱም ስድስት ሲሊንደርና 5,675 ሲ.ሲ. ናቸው። የሚለያዩት ናፍጣው በሚነድበት ስፍራ ነው። በ322 ናፍጣው መጀመሪያ በቴስታታው ውስጥ ወዳለች ትንሽ ጓዳ ይረጫል፤ ከዚያም እየነደደ ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። በ352 ግን በቀጥታ በፒስቶኑ አናት ላይ ይረጫል። ጓዳዪቱ የሞቶሩን ድምፅ ታለሰልስ ነበር፤ ዳሩ ግን ብዙ ሙቀት በግድግዳዋ በኩል ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ እየሄደ ይባክናል። እርሷ ስትቀር ሞቶሩ ናፍጣ ቆጣቢ ሆነ፤ በብርድ ጧትም ለመነሣት ቀለለው።

የ352 ጕልበት በመጀመሪያ 126፣ ኋላም 130 የፈረስ ጕልበት ነበር። ወንድሙ 352 ኤ ደግሞ በዚያው መጠን 156፣ በኋላም 168 ሰጠ። «ኤ» የሚለው ፊደል የሚያመለክተው ቱርቦውን ነው። ቱርቦ ማለት ወደ ውጭ በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚሽከረከር፣ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍጣ ሊነድ ይችላል፤ ጕልበቱም ከዚያ ይመጣል።

ታዲያ ቱርቦውን ገዝቶ በ352 ላይ መግጠም ብቻ 352 ኤ ያደርገዋልን? አያደርገውም። አሉሚኒዩም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው እሳት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የአሉሚኒዩም ፒስቶን ሳይቀልጥ የሚኖረው ሙቀቱ በፋሻዎቹና በዘይቱ በኩል ያለማቋረጥ ስለሚወሰድለት ነው። የ352 ኤ ሠሪዎች ይህን አስበው ፒስቶኑን ለወጡ፤ የሞቶሩን የማመቅ ልክ ከ17 ወደ 16 ዝቅ አደረጉ፤ ከሥር ወደ ፒስቶኑ ሆድ ዘይት የሚረጩ ቀጫጭን መርጫዎችንም አኖሩ። እነዚህ ሁሉ ከውጭ ለሚመለከት ሰው አይታዩም። ከውጭ የሚታየው ቱርቦው ብቻ ስለሆነ፣ በገበያም የሚወደሰው እርሱ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ከፍታው ነገሩን ልዩ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በዚህ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ከጅቡቲ ጭኖ የተነሣ ቱርቦ የሌለው ካሚዮን ወደ ደጋው ሲወጣ አየሩ እየቀነሰበት ይሄዳል፤ ፖምፓው ግን የናፍጣውን መጠን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሳይነድ የቀረው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሾፌሩ ሞቶሩ ደከመ ይላል፤ ጋራዡም አንዳንድ ጊዜ የፖምፓውን ብሎን አላልቶ ናፍጣ ይጨምርለታል። ይህ አየር ላጠረው እሳት እንጨት መከመር ነው። ጭሱ ይጠቍራል፤ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፤ ፒስቶኑም ይጎዳል።

ስለዚህ እኔ ደጋ ለሚሠራ 352 መጠነኛ ቱርቦ መግጠምን በአንድ ውል ብቻ እደግፋለሁ። ውሉም ናፍጣው ከፋብሪካው ልክ እንዳያልፍ ነው። እንዲህ ከተደረገ ቱርቦው አዲስ ጕልበት አይፈጥርም፤ ከፍታው የወሰደውን ይመልሳል፤ ጭሱም ይጠራል። 156 ፈረስ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ግን ሙሉውን 352 ኤ ያስገባ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት የተተካው 366ም አለ። እርሱ 5,958 ሲ.ሲ. ሲሆን፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር የተጨመረለት ዓይነቱ ከ200 ፈረስ በላይ ይሰጣል። የ352 የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በስፍራው ለመግባት ከሌላ ሞቶር ይቀለዋል። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ጕልበት የሚያልፈው ለ126 ፈረስ በተሠራው ፍሪሲዮንና ካምቢዮ በኩል ነው። ፍሬኑም አብሮ አያድግም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍለት የሚወርድ ጭነት የሚጠይቀው የሞቶሩን ፈረስ ሳይሆን ፍሬኑን መሆኑን፣ ሞቶር ለውጡ ብለው የሚጽፉ ሁሉ ይዘነጉታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሞቶሩ በእውነት መድከሙ ይለካ። ከጥያቄው ጋር የስድስቱ ሲሊንደሮች የማመቅ ኃይል በስድስት ቍጥር ተጽፎ ይቅረብላችሁ። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ነገሩ የቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ዝቅ ካሉ ፋሻውና ሲሊንደሩ ስላለቁ መታደስ ይገባዋል። ስድስቱም ደኅና ከሆኑ ግን ሞቶሩን ማውረድ ለምን አስፈለገ? የአየር ማጣሪያው ይታይ፤ ፖምፓውና ኖዝሎቹ በመሞከሪያ ላይ ይስተካከሉ። ይህ ሥራ ሞቶር ከማደስ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል።

መኪናው ከጋራዥ ሲመለስም ባዶውን በግቢ ውስጥ አዙሮ መረከብ አይበቃም። ጭኖ ዳገት ይውጣ፤ ከኋላው የሚከተል ሰውም የጭሱን ቀለም ይመልከት። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ቱርቦ የተገጠመለት እንደሆነ፣ ሾፌሩ ረጅም ዳገት ወጥቶ ሲቆም ሞቶሩን ወዲያው እንዳያጠፋ ይነገረው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ የሚዞረው በዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። ሞቶሩ ሲጠፋ ዘይቱ ይቆማል፤ በጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረውም ይከስላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያለ ጭነት በዝግታ ቢሠራ ይበቃዋል።