ጋኑ ምን ሆነ?

እሱ፦ እህት ዓለም፣ ፍኖተ ሰላምም በሉት ቡሬ፣ በዳጉሳም ይጠመቅ በበቆሎ፣ የማኅበር ጠላ ሲሆመጥጥ ጣት የሚቀሰረው ጌሾው ላይ ነው።

እሷ፦ ያለ ጥፋቱ! ጌሾማ አኮምጣጭ ተህዋስያንን የሚከላከል ነው። ጥፋተኛው አየር ነው። የጋኑ አፍ በደንብ ካልተመረገ ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ አቼቶ ይለውጠዋል፤ አቼቶ ደግሞ ተመልሶ ጠላ አይሆንም።

እሱ፦ እናቶቻችን ጋኑን በወይራ፣ በጥንጁት ያጥኑት የለ?

እሷ፦ ጢሱ ጀርም ይቀንሳል፣ መዓዛም ይሰጣል። ሸክላው የመጠጠው አሮጌ አተላ ካለ ግን ጢስ ብቻውን አያድንም። መጀመሪያ በግራዋ ፈትጎ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ማጠን።

እሱ፦ አልፈላ ያለውስ?

እሷ፦ ብዙ ጊዜ ችኮላ ነው። እንኩሮው ሳይበርድ ጥንስሱ ላይ ከተገለበጠ እርሾው ይሞታል። ደግሞም ከተሞቹ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ የክረምቱ ብርድ ፍላቱን ያዘገየዋል። ያኔ ጋኑን በድሪቶ ጠቅልሎ መታገስ ነው።

እሱ፦ ጎምዝዞ ጉሮሮ የሚይዘውስ?

እሷ፦ እሱን እንኳ ለጌሾ ስጠው! በተለይ እንጨቱ ሲበዛ። ብቅሉ ሻግቶ ከሆነ ግን ይደፋ፤ የሻጋታ መርዝ በመቁላትም በመጥመቅም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

እሱ፦ ድግሱ ነገ ቢሆንስ?

እሷ፦ ታዲያ ጎረቤት ምን ሊሠራ ነው?